ተራ ቁጥር አሥራ አራት

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ የእህቴ ልጅ ለኸሊዳ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የሰመራ ፀሐይ እንዴት ይዛሻለች? እኔ ከጆሮዬና ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ጭራሽ ብሶበታል። ስልኩን ባነሳው የምሰማው ዳገት እንደያዘ ከባድ መኪና ያለ ጉርምርምታ ነው፤ አንቺም እዚያ ትጮሂያለሽ፣ እኔም እዚህ እጮኻለሁ፣ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ጉዳያችንን ሰምቶ ይሄዳል። ስለዚህ እንደ ድሮው በደብዳቤ እንሁን ብያለሁ። ሙእሚን በሚኒባሱ በሳምንት ሦስት ቀን ይመላለሳል፤ ያደርስልኛል።

የምጽፍልሽ በሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው የመንግሥት ነው። የቢሮአችሁ መመሪያ እዚህ ደርሶ ታድሎናል። ክሊኒክም ይሁን መድኃኒት ቤት፣ ላቦራቶሪም ይሁን ጥርስ ነቃይ፣ የሕክምና ቆሻሻ የሚያመነጭ ሁሉ እስከ የካቲት 30 ካልተመዘገበ በሩ ይታሸጋል ይላል። ከመልካ ወረር ጥጥ እርሻ ክሊኒክ ወጥቼ ይህችን ሁለት ክፍል ከከፈትኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ሳክም የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቆሻሻ አመንጪ ኖሬያለሁ።

ቅጹን ሞልቼ ልኬልሻለሁ። የቻልኩትን ማለቴ ነው። በሳምንት ስንት ኪሎ ቆሻሻ ታመነጫለህ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ በሚዛን የምመዝነው ሕፃን ነው፤ ቆሻሻ መዝኜ አላውቅም። የግቢውን ንድፍ ሥራ ይላል፤ የኔ እጅ ማዘዣ ወረቀት እንጂ ንድፍ አይችልም። እንዲህ ያለውን አንዱን እንደመጣልኝ ሞልቼ ሌላውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ የራሴ ነው። ይህን ደጅ ከረገጥሽ በዚህ ወር ሦስት ዓመት ሞላሽ። የጅቡቲ ሾፌሮች በሳምንት ሁለቴ በእናንተም በር በእኛም በር ያልፋሉ። አንቺ በሦስት ዓመት አንዴ መምጣት አቃተሽ። መጥተሽ አጠገቤ ብትቀመጪ ይህን ቅጽ በአንድ ከሰዓት ሞልተን እንጨርሰው ነበር። ጽዳቷ ሄዋን ትሙት፣ ክፍልሽን በየሳምንቱ ነው የምታጸዳው፤ ማንም አያድርበትም።

ዱዓዬ ከአንቺ አይለይ።

አጎትሽ ጀማሉዲን


ሰመራ
ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ጀማሉዲን፤

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከሎጊያ ወደ ሰመራ ቀርቤ ቤት ተከራይቻለሁ፤ ለቢሮ በባጃጅ ሁለት ደቂቃ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ብሏል፤ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ቬንቲሌተር ሳይከፈት መጻፍ ይቻላል።

ደብዳቤዎን ሳነበው ብዙ ሳቅሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ፍቅረ ሥላሴ ምን ሆነሻል እስኪለኝ። የሳምንቱ የቆሻሻ መጠን በሚለው ቦታ ላይ «አላህ ያውቃል» ብለው ሞልተዋል። አላህማ ያውቃል፤ ቢሮው ነው የማያውቀው። የሄዋንን ባልዲ በሕፃኑ ሚዛን ላይ አንድ ሳምንት ያስቀምጡትና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ሚዛኑን ግን ከዚያ በኋላ በበረኪና ያስጠርጉ። ንድፍ ማለት ሥዕል አይደለም፤ በሩ በየት ነው፣ ማቃጠያው በየት ነው፣ የአመድ ጉድጓዱ ከውኃው ስንት እርምጃ ይርቃል፣ ይኸው ነው። ሰው በእርሳስ አስጭረው ይላኩልኝ። ቅጹን መልሼልዎታለሁ።

ሁለት ጊዜ ተመልሶ ያልተስተካከለ ቅጽ በመመሪያው መሠረት የመስክ ተቆጣጣሪ ይላክበታል። ተቆጣጣሪ መጣ ማለት ደግሞ ጣጣው ብዙ ነውና እዚያ እንዳያደርሱት አደራ።

አንድ ነገር ግን በጥሞና እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት። «ተቋሙ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ባገለገለ መርፌ ወይም በሌላ ስለታም ነገር የተወጋ ሰው አለ ወይ? ካለ ስሙ፣ ቀኑና የተደረገለት ክትትል ይገለጽ» ይላል። እርስዎ «የለም» ብለዋል። አይቸኩሉበት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ረጅም ነው። ወደ ኋላ አስበው ይሙሉት።

ስለ መምጣቱ፣ አሁን የምዝገባ ጊዜ ስለሆነ ፈቃድ አይሰጡንም። ሥራው ቀለል ሲል ኢንሻአላህ።

የእህትዎ ልጅ ኸሊዳ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለኸሊዳ፤

የአላህ ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ በዓይኔ ላይ አድርጌዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የአሚባራ ሀብሀብ ደርሶ መንገዱ ሁሉ ሀብሀብ ሆኗል። አንድ ለብቻ ተበልቶ አያልቅም፤ ግማሹ ለጎረቤት ፍየል ይሄዳል። አክስትሽ ሐያት፣ አላህ ይርሐማት፣ እያለች ሦስት ሆነን አንድ ሀብሀብ በአንድ ቁጭታ እንጨርስ ነበር።

ቅጹን እንደገና ሞልቼ ልኬዋለሁ። «አስበው ይሙሉት» ስላልሽኝ በዚህኛው አንድም አልደበቅሁም። ሄዋን ጓንት አታደርግም። ደም የነካውንና ያልነካውን በአንድ ባልዲ እንከታለን። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ሳጥን፣ ሴፍቲ ቦክስ የምትሉትን፣ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ እንጠቀምበታለን። የምናቃጥለው እዚያው ግቢ ሜዳው ላይ ነው፤ አጥር የለውም፣ ፍየል ይገባል። ንድፉን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ የት ላይ ምን እንዳለ እኔም አልለየሁት። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ቢሮአችሁ በወረቀት ብቻ የሚያልፈው አይመስለኝም። ሰው መላክ ሊኖርበት ነው። ሰው ከተላከ ደግሞ አዋሽን የሚያውቅ ቢሆን ደግ ነው። ስለ ተራ ቁጥር አሥራ አራት አስቤያለሁ። የለም።

አሁን ደግሞ ደስ የማይልሽን ልጻፍ። የአብዱናሲር ልጅ ኡበይዳ ሁለተኛ ልጁን ወልዶ ለዓቂቃው ድግስ ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። አብዱናሲር ሱቁን ዘግቶ በሬ ጥሎ ደግሷል። እኔም ከሰው መሀል ተቀምጬ በላሁ። ይህ ድግስ የእኔ ቤት ድግስ መሆን ነበረበት። ለአብዱናሲር ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኒካሑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «አልፈልግም» ብለሽ ሻንጣሽን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። በመስጊዱ ደጅ ሰው በተሰበሰበበት «ልጄ አዋረደችኝ» ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ይህንንም ሳትሰሚ አልቀረሽም። ተናድጄ ነበር። ዛሬ ንዴቱ ወጥቶልኛል፤ ምክንያቱን አለማወቄ ግን አልወጣልኝም።

ለምን አትመጪም ስልሽ ስለ ባልዲና ስለ ሚዛን ትነግሪኛለሽ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ። አጎትሽስ እኔ ነኝ፤ የጠየቅሁሽን መልሺልኝ።

አጎትሽ ጀማሉዲን


ሰመራ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። መልሴ ስለዘገየ አውፍ ይበሉኝ። ሙእሚን ሦስቴ «ደብዳቤ የለም ወይ» ብሎኝ ሦስቴ የለም ብዬ ሸኝቼዋለሁ።

ቅጽዎን ሳነበው ደነገጥሁ። እውነት ሄዋን ያለ ጓንት ነው የምትሠራው? የጉበት ክትባትስ ተከትባለች? ይህን በቶሎ ይጻፉልኝ፤ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ መታሸግ አለበት። ይህ ወረቀት የሚያበዙ ሰዎች የፈጠሩት አይደለም አጎቴ። አንድ ሰው እጁን ስለከተተ የተጻፈ ሕግ ነው።

ቅጹን ለሁለተኛ ጊዜ መልሻለሁ። ሰው የሚላክ ከሆነም እኔ አልሆንም። ዘመድ ዘመዱን አይቆጣጠርም፤ ይህም መመሪያው ላይ አለ። በእኔ አይጠብቁ። ሌላው ሁሉ ይቅርና ተራ ቁጥር አሥራ አራትን ብቻ ደግመው ያስቡበት።

ስለ ኡበይዳ ልጅ አላህ ያሳድግለት።

ኸሊዳ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኸሊዳ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኛ በሕይወት አለን።

መሬቱ እንዴት እንዳደረገን በወሬ ሰምተሻል። ከመስከረም ጀምሮ ለምደነው ነበር፤ ብርጭቆ ሲንኳኳ «መጣች» ብለን እንስቅ ነበር። የታኅሣሥ መጨረሻው ግን ሳቅ አልነበረውም። የመርፌ ክፍሉ ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቋል፤ የመድኃኒት መደርደሪያው ተደፍቶ ግማሹን ለቅመን ግማሹን ጠርገናል። ሄዋን ልጆቿን ይዛ ስምንት ቀን ሜዳ ላይ ነው የከረመችው። እኔም ፍራሼን አውጥቼ ከእነርሱ ጋር ከረምሁ።

በእነዚያ ቀናት ሰው ሁሉ ዘመዱን ሊያይ መጣ። ከደሴ መጡ፣ ከባቲ መጡ፣ ከአዲስ አበባ መጡ። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ከፍራሼ ላይ ቀና እያልሁ አይ ነበር። ሄዋን «ጋሼ፣ አንገትዎ ይታመማል» እስክትለኝ። በመጨረሻ ሙእሚን ወርዶ ብርድ ልብስ ሰጠኝ። ከአንቺ ነው አለ። ብርድ ልብሱ ጥሩ ነው፣ ሞቆኛል፣ አላህ ይስጥሽ። ግን ኸሊዳ፣ ቤት ፈርሶ አጎትሽ ሜዳ ሲወድቅ ካልመጣሽ መቼ ልትመጪ ነው? ስሞት ነው? ስሞትማ እኛ ቶሎ ነው የምንቀብረው፤ አትደርሺም።

በሰባት ዓመትሽ ከባቲ ይዤሽ ስመጣ እናትሽን ቀብሬ እየተመለስሁ ነበር። ጭኔ ላይ ተኝተሽ ነው መልካ ወረር የገባነው። እኔና ሐያት ልጅ አልሰጠንም፤ አንቺን ሰጠን ብለን ዘጋነው። ይህን የምጽፈው ውለታ ልቆጥርብሽ አይደለም። ያለሽኝ አንቺ ብቻ እንደሆንሽ የረሳሽው ስለመሰለኝ ነው።

ቅጹን እንዳለ መልሼልሻለሁ፤ አንድ ፊደል አልነካሁም። ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እንግዲህ ሕጋችሁ የሚለውን አድርጉ፤ ሰው ላኩ። ካልላካችሁም በየካቲት 30 አሽጉት። እኔ ከእንግዲህ በራሴ እጅ አልዘጋውም፣ በራሴ እጅም አላስመዘግበውም።

ጀማሉዲን


ሰመራ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ ለጀማሉዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎንና ዕድሜዎን ያቆይልኝ። ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው፤ በሽተኛ ሲጨርሱ፣ በሩን ዘግተው ያንብቡት።

የጥር ወር ደብዳቤዎ በደረሰኝ በማግስቱ አለቃዬ ጠራኝ። የዘመድሽ ቅጽ ለምን ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፣ ልታድኚው ነው ወይስ ልታስዘጊው አለኝ። ልክ ነበር። ከመጀመሪያውም በእጄ መግባት ያልነበረበት ፋይል ነው። ያን ዕለት ለፍቅረ ሥላሴ አስረከብሁት። እርስዎ ዘንድ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «ኸሊዳ፣ አጎትሽ ዋሽተዋል፤ ግን እንዲህ ያለ ውሸት በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም» አለኝ። በጡብ የተሠራ ማቃጠያ ከነጭስ መውጫው፣ የታጠረ የአመድ ጉድጓድ፣ ቢጫና ጥቁር ባልዲ ከነክዳናቸው፣ ቀን የተጻፈባቸው ሳጥኖች፣ ሄዋን ከነጓንቷና ከነቦት ጫማዋ። የቆሻሻ መመዝገቢያ ደብተሩ የአምስት ዓመት ነው አለ፤ በእርስዎ ጽሑፍ፣ አንድ ቀን ያልተዘለለበት። የተሰነጠቀው ግድግዳ እንኳ በሲሚንቶ ተደፍኗል። የኛ ቢሮ ራሱ ያን ያህል አያሟላም አለኝ።

ከዚያ ሳቁን ትቶ አንድ ነገር ጨመረ። ነጭ ካፖርትዎን በካውያ አስተኩሰው በር ላይ ቆመው ነበር አሉ። እሱ ከመኪናው ሲወርድ ሰላም አሉት፣ ግን በትከሻው ላይ አሻግረው መኪናውን ያዩ ነበር። «ሌላ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት። ብቻዬን ነኝ ሲልዎ «ግባ እንግዲህ» አሉት። ይህን ሲነግረኝ ተነሥቼ ወጣሁ። የቢሮው ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ፤ ደብቄ አልጽፍልዎትም።

አጎቴ፣ የሌለብዎትን አሥር ጥፋት ጽፈው የነበረብዎትን አንዱን ብቻ አልጻፉም።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ክረምት ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ከእርስዎ ጋር እውል ነበር። ያኔ ሳጥን የሚባል አልነበረም፤ መርፌውን በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር የምናጠራቅመው። ነጭ ጋዝ ውድ ነው፣ አንዴ ሲሞላ አንዴ እናቃጥለዋለን ይሉ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ብዙ የወባ በሽተኛ መጥቶ ቆርቆሮው ከአፉ ተርፎ ነበር። ውሰጂና ከጓሮ አስቀምጪው አሉኝ። ክዳኑ አልገጥም ሲል በመዳፌ ተጫንሁት። መርፌው የግራ እጄን መሀል ጣት ወጋኝ፤ ጥልቅ ነበር። ደሙን ጨምቀው በአልኮል ጠረጉልኝ፣ ፕላስተር አደረጉልኝ። «ምንም አይደለም፣ ለአክስትሽ እንዳትነግሪያት፣ ትጮህብኛለች» አሉኝ። አልነገርኋትም።

ከኒካሑ በፊት ደም ስንመረመር የእኔ ጉበት ላይ ቫይረስ አለ ተባልሁ። ለኡበይዳ ነገርሁት። መጥፎ ሰው አይደለም፤ «ቤተሰቤ አይቀበለውም» አለኝ። እኔ ነኝ «አልፈለገችም በል፣ በእኔ ይሁን» ያልሁት። ምክንያቱ ከእርስዎ ጆሮ እንዳይደርስ ብዬ ነበር። ከየት እንደያዘኝ በእርግጥ የሚነግረኝ ሐኪም የለም። እኔ ግን ውጤቱን ይዤ ስወጣ ያየሁት ያን ቆርቆሮ ነው።

ደህና ነኝ፤ አይደንግጡ። ቫይረሱ ተኝቷል ብለውኛል፣ በየስድስት ወሩ እታያለሁ፣ መድኃኒት ገና አላስፈለገኝም። በውስጤ ያልተኛው ግን ይህ ምሥጢር ነው። ካየሁዎት እነግርዎታለሁ፣ ከነገርሁዎት ይሰበራሉ፤ ስለዚህ አልመጣም አልሁ። በመንቀጥቀጡ ጊዜ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ነበር። ብርድ ልብሱን ለሙእሚን ሰጥቼ ተመለስሁ።

ተራ ቁጥር አሥራ አራትን ደጋግሜ የመለስሁብዎት ራስዎ እንዲያስታውሱልኝ ነው። እኔ ከምነግርዎት እርስዎ ቢያስታውሱኝ ይሻለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። በቅጽ ላይ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

ይናፍቁኛል። በየቀኑ ይናፍቁኛል።

ኸሊዳ


አዋሽ ሰባት ኪሎ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኸሊዳ፤

የአላህ ሰላምና ራሕመት በአንቺ ላይ ይሁን። ደብዳቤሽን ማክሰኞ ተቀበልሁ። ያልሽኝን አድርጌ በሩን ዘግቼ አነበብሁት። ሐሙስ ነው የከፈትሁት።

ረስቼው ነበር። ሌላ ነገር ብልሽ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ «ሁሌም ያሳስበኝ ነበር» ብልሽ። ግን ውሸት ነው። አንቺ ጣትሽን እያየሽ ስታድጊ እኔ ረስቼው ነበር። ደብዳቤሽ ላይ «ለአክስትሽ እንዳትነግሪያት» የሚለው ጋ ስደርስ ሁሉም ተመለሰልኝ። ፕላስተሩን ያደረግሁልሽ በጣም አጥብቄ ነበር፤ ጣትሽ ጠቁሮ ማታ ፈታሁልሽ። ስትነጪ እንኳ አላየሁም፤ ውጭ የቆመውን በሽተኛ ነበር የማየው። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ ሳክም በቤቴ ያለችውን አላከምሁም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው በእኔ ደረሰ።

አውፍ በይኝ። ጣትሽን ስለወጋው አይደለም፤ ያ ቀደር፣ የአላህ ጽሕፈት ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። አውፍ በይኝ የምልሽ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። አንቺ እኔን ልትጠብቂ ስምሽን ስትሰጪ፣ እኔ በመስጊድ ደጅ ስምሽን አነሳሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ አብዱናሲር ባለበት ተናገርሁ። ጆሮዬ ደንቁሮ ድምፄን ስለማልመጥን ሳልጮህ አልቀረሁም። «ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ አዋረደችኝ ብዬ ነበር። ልጄ አላዋረደችኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ዝርዝሩን አትጠይቁኝ» አልሁ። አልጠየቁኝም። አብዱናሲር መጥቶ እጄን ያዘኝ፤ የሚያውቅ ይመስለኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ግን ብዙ አደረ።

ሄዋንን ወስጄ አስመርምሬያታለሁ፤ ነፃ ናት፤ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዳለች። ታኅሣሥ ላይ ከሌላው ሁሉ በፊት ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ በኩርፊያ ሳልመልስልሽ ቀረሁ።

ቅጹን አዲስ አውጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእውነት ሞልቼ ለአቶ ፍቅረ ሥላሴ ልኬዋለሁ። ለተራ ቁጥር አሥራ አራት የጻፍሁት ይህ ነው፦

«አለ። ኸሊዳ፣ የእህቴ ልጅ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች። ነሐሴ 2003 ዓ.ም.፣ ቀኑን አላስታውስም። ከልክ በላይ በሞላ የመርፌ ቆርቆሮ ምክንያት፣ የግራ እጅ መሀል ጣት። የተደረገላት ክትትል፦ የለም። ኃላፊው፦ እኔ ጀማሉዲን።»

ይህንን አይቶ ቢሮው ምዝገባ ከከለከለኝም ይከልክለኝ። እንግዲህ ፋይሉ ሙሉ ነው። ከአሁን ወዲያ ጎደሎ ፈጥሬ አላስመጣሽም። አንቺን ማየት እፈልጋለሁ፤ ከምንም ነገር በላይ እፈልጋለሁ። ግን ልብሽ ካልፈቀደ አትምጪ፤ አልቀየምሽም። ደብዳቤ ብቻ አታቋርጪብኝ።

አጎትሽ


ሰመራ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ከእኔ አንድ ቀን ቀድሞ እንዲደርስዎ ለሙእሚን አደራ ብዬ ሰጥቼዋለሁ።

አውፍ ብዬዎታለሁ። ከልቤ ነው። ከዚህ በኋላ ይህን ቃል ከእርስዎ መስማት አልፈልግም፤ እርስዎም ከእኔ አይሰሙም።

ትናንት ፍቅረ ሥላሴ ፋይልዎን ይዞ መጣ። ሌላው ሁሉ ተቀባይነት አግኝቷል። ስለ አሥራ አራተኛው የፈሩት አልሆነም፤ ጥፋትን በማመን የሚከለከል ምዝገባ የለም፣ የሚከለከለው በመደበቅ ነው። «ግን ምስክር ወረቀቱን አልፈርምበትም፤ ፋይሉ ጎደሎ ነው» አለኝ። ምን ጎደለው ብዬ ተቆጣሁት። መመሪያውን ገልጦ በጣቱ አሳየኝ። እኔው ራሴ ስንቱን ቀን ሳባዛው የኖርሁት ገጽ ነው፣ አላየሁትም። የተወጋ ሰው መኖሩ ከታመነ፣ ተጎጂው በሕይወት ካለ፣ በተቋሙ በአካል ተገኝቶ የተጻፈውን አንብቦ መፈረም አለበት ይላል። ከየካቲት 30 በፊት።

ተቆጣጣሪ ሆኜ እርስዎ ዘንድ እንዳልመጣ የከለከለኝ መመሪያ፣ ተጎጂ ሆኜ እንድመጣ ያዘኛል። ይህን አንብቤ ስጨርስ ፍቅረ ሥላሴ ፊቱን አዙሮ ነበር፤ ለቅሶዬን ጠግቦታል መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከሙእሚን ጋር እነሣለሁ። ገዋኔ ላይ ምሳ ካልዘገየን ለዐሱር ሶላት እደርሳለሁ። በር ላይ ቆመው አይጠብቁኝ፤ ፀሐዩ ይጎዳዎታል፣ ቤቱን አውቀዋለሁ። ጨረቃ ከታየች ቅዳሜ ጾም ይገባል።

ፊርማው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ያልወሰድሁትን የሦስት ዓመት ፈቃድ ሰብስቤ የጠየቅሁት አንድ ወር ነው፤ ፈቅደውልኛል።

ልጅዎ ኸሊዳ